ከተሞክሮዬ፦ ማሰሪያውን ወደ ፊት ማምጣት

የሥራ ቀኔን ብዙውን ክፍል የሚወስደው ሌሎች በእንግሊዝኛ የጻፉትን ሪፖርት ማረም ነው። የምሠራው በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ከወረዳ የሚመጣ ረቂቅ ወደ ለጋሾች ከመላኩ በፊት እኔ ጋ ያርፋል። የሚጽፉት ሰዎች ሙያቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ የግብርና፣ የጤናና የውኃ ባለሙያዎች ናቸው። ስልክ ደውዬ ስጠይቃቸው ነገሩን በአማርኛ ጥርት አድርገው ያስረዱኛል። ወረቀቱ ላይ ግን ያ ጥራት አይገኝም። በተለምዶ ስህተት የምንላቸው ነገሮች፣ ማለትም የፊደል ግድፈት፣ የተዘነጋች «ኤስ»፣ ቦታዋን የሳተች ነጠላ ሰረዝ፣ የችግሩ ትንሹ ክፍል ናቸው። ትልቁ ክፍል ዐረፍተ ነገሩ የተሠራበት መንገድ ነው። እኔም በእንግሊዝኛ መጻፍ የቀለለኝ ይህን ከተረዳሁ ወዲህ ስለሆነ፣ ለሚጽፍም ለሚያስተምርም ይጠቅማል ያልኩትን እዚህ አስቀምጫለሁ። ከመጀመሪያው በቀር ቅደም ተከተሉን አትከተሉት፤ የመጀመሪያው ግን በእርግጥም መቅደም አለበት።

ከሁሉ በፊት ግሱ የት እንዳለ ማየት

አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ግስ። «ልጁ ዳቦ በላ» እንላለን። እንግሊዝኛ «ልጁ በላ ዳቦ» ይላል። ይህን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በሦስት ቃል ዐረፍተ ነገር ላይ የሚሳሳት ጸሐፊ አላጋጠመኝም። ችግሩ የሚጀምረው ዐረፍተ ነገሩ ሲረዝም ነው። ያኔ ቃላቱ እንግሊዝኛ ይሆኑና አካሄዱ አማርኛ ሆኖ ይቀራል።

በሪፖርት ላይ የተለመደ ዓይነት ዐረፍተ ነገር እንውሰድ፦ «ባለፈው ክረምት ወንዙ ሞልቶ ባደረሰው ጎርፍ ምክንያት የእርሻ መሬታቸው በአሸዋ የተሸፈነባቸውና በጎተራቸው ምንም ዘር ያልተረፋቸው የሦስት ቀበሌ አርሶ አደሮች በግንቦት ወር የጤፍና የስንዴ ዘር ተቀበሉ።» በአማርኛ እንከን የለበትም። አንባቢያችን እስከ መጨረሻው መጠበቅን አፉን ሲፈታ ጀምሮ ለምዶታል፤ «ተቀበሉ» ላይ ሲደርስ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዝለታል። ይህንኑ በዚያው ቅደም ተከተል ወደ እንግሊዝኛ ስንወስደው ግን ባለቤቱ ከሁለት መስመር በኋላ ይመጣል፣ ግሱ ደግሞ ከእሱም በኋላ። የእንግሊዝኛ አንባቢ እንዲህ መጠበቅ አልለመደም። ማን ምን አደረገ የሚለውን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት ውስጥ ይፈልጋል። ካላገኘው የጎርፉንም የአሸዋውንም ወሬ ከምን ጋር እንደሚያያይዘው ሳያውቅ ይዞት ይቆያል፤ ብዙ ጊዜም ግሱ ጋ ሳይደርስ ይተወዋል።

ያንኑ ነገር በአማርኛ ቃላት፣ ግን በእንግሊዝኛ አካሄድ ላስቀምጠው፦ «በግንቦት አርሶ አደሮች ከሦስት ቀበሌዎች ተቀበሉ የጤፍና የስንዴ ዘር። ባለፈው ክረምት ወንዙ ሞላ። ጎርፉ ሸፈነ መሬታቸውን በአሸዋ፣ እና አልተወላቸውም ምንም ዘር በጎተራ።» ለአማርኛ ጆሮ ይጎረብጣል፤ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ግን ወለል ያለ መንገድ ነው። በሁለቱ ላይ አጭር የጊዜ መግለጫ ቢቀድምም፣ ሦስቱም ዐረፍተ ነገሮች ባለቤታቸውን ቶሎ አምጥተው፣ ግሱን ወዲያው አስከትለው፣ ዝርዝሩን ወደ ኋላ ገፍተዋል። እንግሊዝኛ ከባዱን ነገር መጨረሻ ላይ መሸከም ይችላል፤ መጀመሪያ ላይ ሲጫንበት ነው የሚጎብጠው።

ስለዚህ ረቂቅ ስይዝ በቅድሚያ የማደርገው በየዐረፍተ ነገሩ ዋናውን ግስ ፈልጎ ማስመር ነው። ከግሱ በፊት ያለው ከአንድ መስመር ካለፈ ዐረፍተ ነገሩን እከፍለዋለሁ፣ ወይም ከፊት ያለውን ወደ ኋላ አወርደዋለሁ። የሰዋስው መጽሐፍ ገጽ ሳይገለጥ፣ የአንድም የጊዜ ዓይነት ስም ሳይታወስ፣ በዚህ ብቻ የጽሑፍ መልክ ሲለወጥ በተደጋጋሚ አይቻለሁ።

ቦዝ አንቀጽን በልኩ መፍታት

«ቢሮ ደርሼ፣ ኮምፒውተሬን ከፍቼ፣ መልእክቶቼን አይቼ ወደ ስብሰባ ገባሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር አማርኛ ያለ ድካም ይሸከማል። ቦዝ አንቀጽ ከቋንቋችን ውበቶች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ድርጊትን በድርጊት ላይ ሳያቋርጥ ይቀጥላል። በእንግሊዝኛ ይህን የሚያህል ነገር የለም። ቅርብ የሚመስለው በ«ኢንግ» የሚያልቀው የግስ መልክ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ጸሐፊም ብዙ ጊዜ እሱን ይዞ ይቀጥላል።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን መሠረታዊ ነው። «ደርሼ» ውስጥ «እኔ» አለ፤ «ደርሰን» ውስጥ «እኛ» አለ፤ «ደርሳ» ውስጥ «እሷ» አለች። የእንግሊዝኛው «ኢንግ» ማንንም አልያዘም። ማን እንደሆነ ለማወቅ አንባቢው ወደ ዋናው ዐረፍተ ነገር ባለቤት ይሄዳል፤ የሥርዓቱ ሕግ ይህ ነው። እንግዲህ «ወረዳው ደርሰን መንገዱ ተዘግቶ አገኘነው» የሚለውን በ«ኢንግ» ጀምረን፣ የዋናውን ዐረፍተ ነገር ባለቤት «መንገዱ» ካደረግነው፣ በእንግሊዝኛ ወረዳው የደረሰው መንገዱ ይሆናል። አማርኛው ሰውየውን በግሱ ውስጥ ስለያዘው ጸሐፊው ጉድለቱ አይታየውም፤ በራሱ አእምሮ «እኛ» አልጠፋም። ይህን ለባልደረቦቼ ሳስረዳ «ተጠንቀቁ» ማለት አይበቃም። ለምን እንደማይታያቸው ስነግራቸው ነው የሚያዩት።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ባለቤቱን በግልጽ ጽፎ «ስንደርስ» የሚለውን በ«ዌን ዊ» መጀመር፣ ወይም ሰንሰለቱን ቆርጦ በአራት ነጥብ መዝጋት። እኔ ሁለተኛውን አበዛለሁ። አጭር ዐረፍተ ነገር የልጅ አጻጻፍ ይመስላል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ አንድ ገጽ ገልጦ ማየት ለዚህ ስጋት በቂ መልስ ነው።

ከስሙ በፊት የነበረውን ከስሙ በኋላ ማድረግ

አማርኛ ገላጩን ከስሙ ያስቀድማል፦ «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ»። እንግሊዝኛ ስሙን አስቀድሞ በ«ሁ»፣ በ«ዊች» ወይም በ«ዛት» ገላጩን ያስከትላል፦ «መጽሐፉ፣ ትናንት የገዛሁት»። ይህ ከአገራችን ቋንቋዎች ሁሉ የራቀ አይደለም። በኦሮምኛ ገላጩ ከስሙ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ኦሮምኛ አፉን የፈታ ሰው በዚህ በኩል ለእንግሊዝኛ ከእኛ ይልቅ የቀረበ ነው። ሁለቱንም ቋንቋ የምትችሉ ከሆነ በኦሮምኛው በኩል አስቡት፤ ይረዳችኋል።

አማርኛ ተናጋሪው ሌላም ነገር ይገጥመዋል። «የገዛሁት» በሚለው ውስጥ መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» መጽሐፉን ታመለክታለች። ይህች «ት» በጭንቅላታችን ስላለች በእንግሊዝኛው መጨረሻ ላይ «ኢት» እንጨምራለን፤ «መጽሐፉ፣ ትናንት የገዛሁት እሱን» እንደማለት ይሆናል። እንግሊዝኛ ያንን ቦታ ባዶ ይተወዋል። «ዊች» ወይም «ዛት» ተሳቢውን ተክተው ቆመዋልና «ኢት» መውጣት አለባት። ይህን ነጥብ በደንብ የሚያስተምር መምህር በተማሪ ቤት ዘመኔ አላጋጠመኝም፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ የምንማርባቸው መጻሕፍት የተጻፉት አማርኛን አስበው አይደለም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ፣ በሥራዬ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የምጠነቀቅለት ነገር አለ፤ ነጠላ ሰረዝ። «ሴቶቹ፣ ሥልጠናውን የወሰዱት፣ ብድር አገኙ» እና «ሴቶቹ ሥልጠናውን የወሰዱት ብድር አገኙ» በእንግሊዝኛ አንድ አይደሉም። ሰረዞቹ ካሉ የተነገረላቸው ሴቶች ሁሉ ሥልጠናውን ወስደዋል፣ ሁሉም ብድር አግኝተዋል። ሰረዞቹ ከሌሉ ብድር ያገኙት ከሴቶቹ መካከል የሠለጠኑት ብቻ ናቸው። ሪፖርቱን የሚያነብ ለጋሽ በዚህች ሰረዝ ምክንያት ቁጥሩን አብዝቶ ወይም አሳንሶ ሊረዳ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ሲመጣብኝ ከማረሜ በፊት ወደ ጸሐፊው እደውላለሁ፤ «ሁሉም ናቸው ወይስ ከፊሎቹ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከሰዋስው መጽሐፍ መልስ የማይገኝለት ጥያቄ ነው።

«እመጣለሁ አለ»

የሌላን ሰው ንግግር ስናስተላልፍ በአማርኛ የተናጋሪውን ቃል እንዳለ እናስቀምጣለን። «አስተዳዳሪው መንገዱን አሠራለሁ አለ» ስንል «አሠራለሁ» ባዩ አስተዳዳሪው እንደሆነ ማንም አይጠራጠርም። በእንግሊዝኛ ትእምርተ ጥቅስ ሳይኖር ይህን «እኔ» ካስቀመጥነው መንገዱን የሚያሠራው ጸሐፊው ይሆናል። «እኔ» ወደ «እሱ»፣ የወደፊቱ «ዊል» ወደ «ዉድ» መለወጥ አለበት። የተረጂዎችን ታሪክ ለሚጽፉ ሰዎች ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። አንዲት እናት የተናገረችው ቃል ግማሹ በራሷ አንደበት ግማሹ በጸሐፊው አንደበት ሆኖ ሲወጣ አነባለሁ። ወይ በጥቅስ ውስጥ እንዳለ ይቀመጥ፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ወደ ጸሐፊው አንደበት ይምጣ። የሰው ቃል ነውና ጥንቃቄ ይገባዋል።

«ውይይት ተካሄደ»

የቢሮ አማርኛችን ግስን ወደ ስም እየለወጠ ይሄዳል። ውይይት ተካሄደ፣ ግምገማ ተደረገ፣ ድጋፍ ተሰጠ፣ ክትትል ተከናወነ። ይህ አጻጻፍ በአማርኛም ቢሆን አያስደስተኝም፤ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ደግሞ ገጹን በረጃጅም ስሞች ይሞላዋል፣ ግሶቹም ምንም የማይነግሩ ይሆናሉ። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆሴፍ ዊልያምስ በ1981 በፈረንጆቹ ባሳተመው፣ «ስታይል» በሚል ርእስ በሚታወቀው መጽሐፉ ላይ ያለው ዋና ትምህርት ለዚህ ፍቱን ነው፦ አድራጊውን ባለቤት አድርግ፣ ድርጊቱን ግስ አድርግ። «ከማኅበረሰቡ ጋር በውኃ ነጥቦች አያያዝ ዙሪያ ውይይት ተካሄደ» የሚለው «ነዋሪዎቹ የውኃ ነጥቦቹን ማን እንደሚጠብቅ ተወያዩ» ይሆናል። ዐረፍተ ነገሩ አጠረ፣ ሰዎችም ገቡበት። ከዚህም በላይ፣ ለጸሐፊው ጥያቄ ያመጣበታል፤ ማን ነው የተወያየው? ምን ወሰኑ? ተደራጊው ግስ እነዚህን ጥያቄዎች ይሸፍናቸው ነበር።

ስለ ተደራጊ ግስ ሲነሳ የጆርጅ ኦርዌል ስም አብሮ ይነሳል። በ1946 ስለ ፖለቲካና እንግሊዝኛ ቋንቋ በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ፣ አድራጊውን ግስ መጠቀም እየተቻለ ተደራጊውን ፈጽሞ አትጠቀም የሚል መመሪያ አስቀምጧል። ጽሑፉን እወደዋለሁ፤ ይህ መመሪያው ግን እንዳለ ቢወሰድ ይጎዳል ባይ ነኝ። ኦርዌል ራሱም በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ተደራጊ ግስ ተጠቅሟል። አድራጊው በማይታወቅበት ጊዜ ተደራጊው ትክክል ነው። ሌላም ቦታ አለው፤ ቀዳሚው ዐረፍተ ነገር ስለ ጤና ጣቢያው ከነበረ ቀጣዩም በጤና ጣቢያው ቢጀምር አንባቢው ሳይደነቃቀፍ ይከተላል። «ጤና ጣቢያው በ2011 ተሠራ» ማለት እዚያ ላይ ትክክል ነው። ከዊልያምስ ያገኘሁት ሁለተኛው ትልቅ ነገርም ይኸው ነው፦ አንባቢ በሚያውቀው ጀምሮ በማያውቀው መጨረስ። አንቀጽን ከአንቀጽነት የሚያደርሰው ይህ አያያዝ ነው፤ «ሞርኦቨር» እና «ፈርዘርሞር» በየመስመሩ መደርደር አይተካውም።

አጫጭር ነገሮች

«ባለፈው ዓመት ሦስት ጉድጓድ ቆፍረናል» በአማርኛ ያምራል። በእንግሊዝኛ ግን ያለቀ ጊዜ ከተጠቀሰ «ሃቭ» አይገባም፤ «ባለፈው ዓመት» ካለ ቀጥታ ኃላፊ ጊዜ ብቻ ነው። «እስካሁን» ሲሆን «ሃቭ» ይመለሳል።

«ምንም እንኳን» ብለን ጀምረን «ግን» ብለን መቀጠል በአማርኛ ያስኬዳል። በእንግሊዝኛ «ኦልዞው» ካለ «በት» የለም። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው።

«ምክንያቱም» ዐረፍተ ነገር ከፍቶ ብቻውን ሊቆም ይችላል። «ቢኮዝ» በመደበኛ ጽሑፍ ውስጥ ከዋናው ዐረፍተ ነገር ተለይታ በአራት ነጥብ ከታጠረች እንደ ጎዶሎ ትቆጠራለች።

ሁለት ሙሉ ዐረፍተ ነገሮችን በነጠላ ሰረዝ ብቻ ማያያዝ በእንግሊዝኛ አይፈቀድም። እኛ ድርብ ሰረዝ የምናደርግበት ቦታ ላይ እነሱ «ሴሚኮለን» ያደርጋሉ፤ ለጀማሪ ግን አራት ነጥብ ይበልጣል።

«ዘ» እና «ኤ»

እነዚህ መጨረሻ ላይ የሚመጡ ናቸው፤ እጅግ የተዋጣላቸው ጸሐፊዎች እንኳ ይጠይቁባቸዋል። አማርኛ ለታወቀ ነገር ከስሙ ወይም ከቅጽሉ ጋር ምልክት ይለጥፋል፦ መጽሐፉ፣ ትልቁ ቤት፣ ልጅቷ። ላልታወቀው ብዙ ጊዜ ምንም አይጨምርም። እንግሊዝኛ በነጠላ ለሚቆጠር ስም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ስሙ ብዙ ጊዜ ራቁቱን አይቆምም። እኔ የምጠቀመው መመዘኛ አንድ ጥያቄ ነው፦ አንባቢው የትኛው እንደሆነ ያውቃል ወይ? የሚያውቅ ከሆነ «ዘ»፣ የማያውቅ ከሆነና አንድ ከሆነ «ኤ»። በመጀመሪያ ሲነሳ «ኤ» የነበረው ወንዝ በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር «ዘ» ይሆናል። ይህ ጥያቄ ከአብዛኛው ጥርጣሬ ያወጣል። የቀረውን ግን ልማድ እንጂ አመክንዮ አይፈታውም፤ ናይል ወንዝ ስለሆነ «ዘ» ይቀድመዋል፣ ጣና ሐይቅ ግን አይቀድመውም። እንዲህ ያለውን በንባብ መያዝ እንጂ ምክንያት መፈለግ ጊዜ ያባክናል።

መዝገበ ቃላትን ለትርጉም ብቻ አለመክፈት

ኤ. ኤስ. ሆርንቢ ጃፓን ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው መዝገበ ቃላት በመጀመሪያ የታተመው በ1942 ቶኪዮ ላይ ሲሆን፣ ኦክስፎርድ በ1948 አሳተመው፤ ዛሬ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ከዚያ የመጣ ነው። የሆርንቢ ትልቁ አስተዋጽኦ ትርጉም አልነበረም፤ እያንዳንዱ ግስ ከኋላው ምን እንደሚያስከትል ማሳየት ነበር። ያ ነገር ለእኛ ወርቅ ነው። በአማርኛ «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል በእንግሊዝኛም ከ«ዲስከስ» በኋላ «አባውት» እናስገባለን፤ ግሱ ግን ተሳቢውን በቀጥታ ነው የሚይዘው። «አስረዳኝ» ስለምንል «ኤክስፕሌይን ሚ» እንላለን፤ ግሱ «ቱ» ይፈልጋል። «መረጃዎች»ና «ምክሮች» ስለምንል «ኢንፎርሜሽን»ን እና «አድቫይስ»ን እናበዛቸዋለን፤ ሁለቱም በእንግሊዝኛ አይቆጠሩም። ይህ ሁሉ በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ከቃሉ አጠገብ በምልክትና በምሳሌ ተቀምጧል። ትርጉሙን የምታውቁትን ቃል እንኳ አንድ ጊዜ ገልጣችሁ ምሳሌዎቹን አንብቡ።

ከሰዋስው መጻሕፍት ለራስ ጥናት የምመክረው የሬይመንድ መርፊን ነው፤ በ1985 የወጣውና ደጋግሞ የታተመው። በግራ ገጽ ማብራሪያ፣ በቀኝ ገጽ መልመጃ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራ አትውረዱት። በጽሑፋችሁ ላይ የተደጋገመውን ችግር ለዩ፣ የእሱን ክፍል ክፈቱ፣ ሠርታችሁ ወደ ጽሑፋችሁ ተመለሱ።

የፍራንክሊን ዘዴ

ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1706 ቦስተን የተወለደ፣ መደበኛ ትምህርቱን በልጅነቱ ያቋረጠና በወንድሙ ማተሚያ ቤት የተለማመደ ሰው ነበር። መጻፍ እንዴት እንደተማረ በግለ ታሪኩ ላይ ዘርዝሮታል። በለንደን ይታተም ከነበረው «ስፔክቴተር» የተሰኘ ጋዜጣ ጽሑፍ ይመርጣል፤ የየዐረፍተ ነገሩን ሐሳብ በአጭር ማስታወሻ ይይዛል፤ ጥቂት ቀን ያቆየዋል፤ ከዚያ ዋናውን ሳያይ ከማስታወሻው ተነስቶ መልሶ ይጽፈዋል፤ በመጨረሻ ከዋናው ጋር ያስተያያል። ማስታወሻዎቹን አዘበራርቆ መልሶ በቅደም ተከተል ማስቀመጥንም ይለማመድ ነበር።

ይህን ዘዴ ከማውቃቸው ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ለእኛ እንዲመች ግን አንድ ነገር ጨመርኩበት፤ ማስታወሻውን የምይዘው በአማርኛ ነው። ከእንግሊዝኛ ጋዜጣ አንድ አንቀጽ አነባለሁ፣ ሐሳቡን በአማርኛ እጽፋለሁ፣ ከቀናት በኋላ ከአማርኛው ወደ እንግሊዝኛ እመልሰዋለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አማርኛው የት የት ላይ እንደጎተተኝ ይታያል፤ እዚህ ጋ ግሱ ዘግይቷል፣ እዚህ ጋ «ዘ» ጎድሏል፣ እዚያ ጋ ጋዜጠኛው በአንድ ግስ የጨረሰውን እኔ በሁለት ስም ጽፌዋለሁ። ሰዋስው መጽሐፍ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነገር ይናገራል፤ ይህ መልመጃ ግን የራስን ድክመት ብቻ ለይቶ ያሳያል። በ2017 በፈረንጆቹ የተጀመረው የቢቢሲ አማርኛ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ቀልሏል። አንድን ዜና በሁለቱም ቋንቋ አግኝቶ ማሰሪያው በየት በኩል እንዳለፈ መከታተል ይቻላል።

ስለ ማረሚያ ፕሮግራሞች

ግራመርሊን የመሰሉ ፕሮግራሞችና አሁን የመጡት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ይጠቅማሉ። የማልስማማው ከጽሑፉ በፊት ሲከፈቱ ነው። መጀመሪያ በራስ መጻፍ፣ ከዚያ ማሳየት፣ ከዚያ እያንዳንዱን እርማት «ለምን?» ብሎ መጠየቅ። ምክንያቱ ያልገባንን እርማት መቀበል ሪፖርቱን ያሳምረው ይሆናል፤ ጸሐፊውን ግን ባለበት ያቆመዋል። ደግሞም ፕሮግራሙ ብድር ያገኙት ሁሉም ሴቶች ይሁኑ ከፊሎቹ አያውቅም። ሰረዟን አንስቶም ጨምሮም ዐረፍተ ነገሩ ትክክል ነው ይላችኋል።

አማርኛን ማወቅ

በሁለተኛ ደረጃ የሚሰጠው ትምህርት ከሞላ ጎደል በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ አማርኛ ከእንግሊዝኛ የሚያዘገይ ሸክም ተደርጎ ይታይ ነበር። እኔ የተገላቢጦሹን ነው ያየሁት። የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር የተገለጠልኝ የባዬ ይማምን «የአማርኛ ሰዋስው» ካነበብኩ በኋላ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው መጽሐፍ። የራሴ ቋንቋ ስሙን ከገላጩ ጋር፣ ግሱን ከተሳቢው ጋር እንዴት እንደሚያዋቅር በስም ሲነገረኝ፣ እንግሊዝኛው በየት በኩል እንደሚለይ ማየት ቻልኩ። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. «አደፍርስ»ን በአማርኛ ሰጠን፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1973 በፈረንጆቹ፣ «ዘ ቴርቲንዝ ሰን» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ልብ ወለዱ በሃይነማን የአፍሪካ ጸሐፊዎች ተከታታይ ውስጥ ታተመ። አንዱ የሌላው ትርጉም አይደለም፤ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንድ ሰው በሁለት ቋንቋ፣ በየቋንቋው አካሄድ መጻፍ እንደሚችል ማየት ለሚፈልግ ከእነዚህ የተሻለ የቤት ውስጥ ማስረጃ አላውቅም።

ለመምህራንና ለአለቆች

እንግሊዝኛ የምታስተምሩ መምህራን፣ በክፍላችሁ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሶማልኛ አትከልክሉ። ጥቁር ሰሌዳውን ለሁለት ከፍላችሁ በአንዱ በኩል የተማሪውን ቋንቋ፣ በሌላው የእንግሊዝኛውን ጻፉና ግሱ ከየት ወደ የት እንደሄደ በቀስት አሳዩት። አራቱም ቋንቋዎች ግሳቸውን ወደ መጨረሻ የሚያስቀምጡ ስለሆኑ ቀስቱ ለሁሉም ይሠራል። በመሥሪያ ቤት ረቂቅ የምታርሙ ኃላፊዎች ደግሞ በቀይ አስምራችሁ ብቻ አትመልሱ። ከመስመሩ አጠገብ ምክንያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ በአማርኛም ቢሆን።